ከዓይኔ የወጣው

አክስቴ እንደምትለው ከሆነ ሰይጣን ካደረብኝ ቆይቷል። ማስረጃዋ ብዙ ነው። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፤ አላገባሁም፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መስታወት ፊት ቆሜ ጣቴን ዓይኔ ውስጥ እከታለሁ።

ንፋስ መውጫ አስተምራለሁ። የዓይኔ ብሌን እያደር የሚሾል በሽታ ስላለበት መነጽር አያግዘኝም። ያለ ኮንታክት ሌንስ ርእሰ መምህሩን ከጥቁር ሰሌዳው አልለየውም፤ ሁለቱም ዝም ስለሚሉ እስካሁን ብዙም አልተጎዳሁም። ሌንሱን ያዘዘልኝ ሐኪም አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ውሃ እንዳይነካው ነው፤ የቧንቧም ይሁን የወንዝ። እኔ ግን አንድ ቀን የሌንስ ማጠቢያው ፈሳሽ ቢያልቅብኝ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ አደረግሁት። ግራ ዓይኔ ቆስሎ ስንት ቀን መስኮት ዘግቼ፣ ብርሃን እየወጋኝ ተኛሁ። «ሁለተኛ ከደገምሽው ዓይኑን ትሰናበችዋለሽ» አለኝ ሐኪሙ። አንደበቱ ጨዋ አይደለም፤ ነገሩ ግን ገባኝ።

ትምህርት ሲዘጋ አርብ ገበያ ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ። ለካ ስለእኔ ዓይን ተስላ ኖሯል። ከገደሉ ሥር ካለው ጠበል ካልወሰድኩሽ ብላ ያዘችኝ። ብዙ ተከራክረን ልጠጣ ተስማማሁ፤ መጠመቅ ግን የለም።

«ማርያምን! ቀምሰሽ ብቻ ነው የምትመለሺው» አለችኝ።

ያን ገደል ያለ ሌንስ መውረድ ራስን መወርወር ስለሆነ ሌንሴን አድርጌ ወረድኩ። ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ የታሸገ ውሃና የሌንስ ማስቀመጫዬን ከነፈሳሹ በቦርሳ ያዝኩ፤ አክስቴን አውቃታለሁ። እንደፈራሁትም መሐላዋን ከጠበሉ ቅጥር በር ላይ ጥላው ገባች። ከኋላዬ ገፍታ የሚያጠምቁት ሽማግሌ ቄስ እግር ሥር አደረሰችኝ። አባ ጠበል የሞላውን ጆግ ሲያነሡ ዓይኔን በሁለት እጄ ሸፍኜ ሮጥኩ።

በእኛ አገር ጠበል አይቶ የሚሮጥ ሰው ምን እንዳለበት ሕፃን እንኳ ያውቃል። «ያዟት!» ተባለ። ጉልበታም ሴቶች እንደ ገብስ ነዶ ጠፍረው መለሱኝ። አባ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ማን ነህ?»

«ሌንስ ነው አባ! ዓይኔ ውስጥ ያለው ሌንስ ነው!»

«ስሙን ተናገረ!» አለች አንዷ፣ እልልታዋን እያቀለጠች።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ናቸው፤ በግራም በቀኝም።»

«መቼ ትወጣላችሁ?»

«ማታ ማታ አወጣቸዋለሁ፤ ጠዋት እመልሳቸዋለሁ!»

ሰው ሁሉ አማተበ። ለፍልፎ የሚወጣ ሰይጣን አይተዋል፤ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ሰዓት አክብሮ የሚገባና የሚወጣ ግን አልገጠማቸውም።

ጆጉ እንደገና ተነሣ። እስከዚህ ድረስ ሳቄም እየመጣ ነበር፤ አሁን ግን ከልቤ ፈራሁ። ያ የተዘጋ መስኮት ታየኝ። ጠበሉን ንቄ አይደለም። ሌንሱ ባይኖር ራሴ ጎንበስ ብዬ እጠመቅ ነበር።

«ሳሙና!» ብዬ ጮህኩ። «እጄን በሳሙና ልታጠብና ራሴ ላውጣቸው!»

ሰይጣን ሽቶ ሲጠይቅ እንጂ ሳሙና ሲጠይቅ ሰምተው አያውቁም መሰል፣ አባ ጆጉን ዝቅ አደረጉ።

«ልቀቋት እስቲ።»

ጠበል አጠገብ ሳሙና ስለማይፈቀድ ሕዝቡን አስከትዬ ከቅጥሩ ወጣሁ። በታሸገው ውሃ እጄን ታጠብኩ፣ በፎጣዬ አደረቅሁ፣ አንዱንም ሌላውንም ሌንስ ከዓይኔ አወጣሁ።

«ወጣ! በዓይኗ ወጣ!»

እልልታው ገደሉን ሞላው። አክስቴ መሬት ወድቃ አለቀሰች። እኔ የወጣውን ሰይጣን በፈሳሹ ዘፍዝፌ ክዳኑን አጠበቅሁና ተመልሼ አባ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«አሁን ያፍስሱት አባ።»

አጥንት በሚሰብር ውሃ አጠመቁኝ።

በኋላ ዓይኔ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነጭ ነገር አጠገቤ መጣ። መጠምጠሚያ መሆኑን ያወቅሁት አባ ሲናገሩ ነው።

«እስቲ አሳዪኝ፣ የኔ ልጅ።»

ማስቀመጫውን ከፈትኩላቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ መልሰው አራቁት።

«ይሄ ሲገባ ምን ታያለሽ?»

«ከማዶ ገደል ላይ ያለች ፍየል ቀንዷ ይታየኛል።»

ማስቀመጫውን መለሱልኝ።

«እኔ ዳዊቱን በቃሌ ነው የምደግመው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገጹን የምገልጠው ሰው እንዳያውቅብኝ ነው።»

ወዲያው ማንም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ መጠምጠሚያው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ይሄ ሰይጣንሽ ሽማግሌ ላይም ያድራል?»