እንባ የሚያቆም ኪኒን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ብርነሽ የመድኃኒት ፓኮ በእጇ ይዛ በሬን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ። ባለቤቷ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ምግብም ወሬም ጠልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሐኪሙ ለድብርት የሚሆን ኪኒን አዞለት፣ እሷ ደግሞ ልስጠው አልስጠው ብላ ተጨንቃለች። አባቴን እንዳስታመምኩ ሰምታ ኖሮ ምን ትመክሪኛለሽ አለችኝ። ሻይ አፍልቼ አስቀመጥኳትና፣ ለልጆቼ እንኳ አሟልቼ ያልነገርኩትን ነገርኳት።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ እፈልግ ነበር። ቤታችን አቃቂ በሰቃ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሽታው ጓዳ ድረስ የሚገባበት ሰፈር ነበር። አባቴ ተሰማ ከክር ፋብሪካ በሜካኒክነት ጡረታ የወጣ፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው ነው። በሁዳዴ ስልጆ ሲበላ ሰናፍጩ አፍንጫው ውስጥ እየገባ ያስነጥሰዋል፤ እያስነጠሰም ይስቃል፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደ ቀኙ ተንጋደደና ወደቀ። ጎረቤት ምች መታው አለ። ሆስፒታል ስንወስደው አንጎሉ ውስጥ ደም እንደረጋ ነገሩን። ሕይወቱ ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ፣ እግሩም መጎተት ጀመረ።

ይህ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ያልቻልነው ልቅሶውን ነው። ሹሮ ሲቀርብለት ያለቅሳል፤ ሰው እግዜር ይማርህ ሲለው ያለቅሳል፤ ሬዲዮ ሲከፈት ያለቅሳል። እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥቶ። መጀመሪያ ላይ ጠያቂው አብሮ ያለቅስ ነበር፤ እየቆየ ግን አፍሮ መምጣቱን ተወ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲሆን ማየት ለኛ አገር ሰው ይከብዳል። እሱም አፈረና በጋቢው ተሸፋፍኖ መተኛት አበዛ። እጁን ላንቀሳቅስለት ስሞክር ይነጥቀኛል።

ለክትትል በወሰድነው ጊዜ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው። ከዚያ ልቅሶው የአንጎል ጉዳቱ ያመጣው እንደሆነ፣ ላዩ ላይ ድብርት እንደተጨመረበት አስረድታ በየጠዋቱ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘች። እናቴ የእብድ መድኃኒት ነው ብላ ፊቷን አጠቆረች። አባቴ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ይሄ እጄን ይመልስልኛል?»

«ስለ እጅዎ ቃል አልገባልዎትም» አለችው። «እንባዎን ግን የሚያቆምልዎት ይመስለኛል።»

ሳምንታት ፈጀ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ሹሮውን ሳያለቅስ በልቶ ጨረሰ። እኔና እናቴ ተያየን። ከዚያ በኋላ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ በሠራሁለት ኳስ እጁን ላሠራው ፈቀደልኝ። እጁ አልተመለሰም፤ ጣቶቹ ጥቂት ይታጠፋሉ፣ ከዚያ አያልፉም። እግሩ ግን በረታ። መስከረም ላይ ጭቃው ሲጠጥር ከዘራውን ይዞ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ ድረስ መሄድ ጀመረ። ሸምሱ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ እሱም ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች ሲያይ ይውላል። ከነዚያ አንዱን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነበር። ሲያልፍ ክላክስ ያደርግለታል፤ አባቴ ከዘራውን ወደ ላይ ያነሳለታል።

በጥር ወር ጌታቸው ከጅቡቲ ሲመለስ አዋሽ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

መርዶው እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ መጣ። እናቴ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ እኔ ራሴን አላውቅም። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። ቀብር ላይም ደረቅ ነበር። ድንኳን ውስጥ አልቃሿ የጌታቸውን ስም እያነሳች ሰው ሁሉ ሲንሰቀሰቅ፣ እሱ መሬት መሬት ያያል። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ከዱከም የመጣችው የገዛ እህቱ፣ «ለሹሮ ያለቀሰ ሰው ለልጁ እንባ አጣ» ስትል ሰማኋት። እሱም ሰማ።

ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት ኪኒኑን ከነውሃው ይዤለት ገባሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ አታምጪልኝ» አለኝ። «ልጄን ላልቅሰው።»

ሐኪሟ በድንገት እንዳያቋርጥ ማስጠንቀቋን ነገርኩት። እሷም ዘንድ ሄድኩ፤ ይዘሽው ነይና እንነጋገር አለችኝ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አልል አለ። እናቴም ከእሱ ጋር ቆመች፤ አባት ነው፣ ያልቅስ ተይው አለችኝ።

እንባው ለአርባው ደረሰ። ተዝካሩ ላይ እንደ ዝናብ ሲያወርደው ዘመድ ሁሉ እፎይ አለ። አክስቴ አቅፋው አብራ አለቀሰች። ሰው ተበትኖ ወደየቤቱ ሲሄድ ግን ልቅሶው አልቆመም። በማግስቱ ለምሳው፣ ለጎረቤት ውሻ ጩኸት፣ ለምንም አለቀሰ። ሸምሱ ሱቅ መሄዱ ቀረ። ኳሷ አልጋ ሥር ገባች። ሥጋው ከላዩ አለቀ። ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ፊቱን እያበስኩለት ኪኒኑን እንደገና እንጀምር ብዬ ለመንኩት። እንዲህ ሲል መለሰልኝ።

«ለእሱ የማለቅሰውንና እንዲሁ የማለቅሰውን መለየት አቃተኝ።»

ከዚያ እሺ አለኝ። ጀመርነው፤ ጊዜ ግን አልሰጠውም። ነሐሴ ሳይገባ ሁለተኛው ስትሮክ ወሰደው።

ብርነሽ ሰምታኝ ስታበቃ፣ ታዲያ አባትሽ በኪኒኑ ድነው ነበር ወይስ አልዳኑም ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የእሷም ባል ሌላ ሰው ነው። ሐኪሙን አዘውትራ እንድትጠይቅ፣ ሳታማክረው እንዳታቋርጥ ነግሬ ሸኘኋት። ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። እጁ አልዳነም። ቢሆንም ከአንድ ክረምት እስከ ጥር ድረስ ሰው ሆኖ መሃላችን ተቀምጧል። እኛ ደግሞ እንባ ካላየን ሐዘንን የማናምን ሰዎች ነን። እሱም እንድናምነው ሲል፣ በስንት ጭንቅ ያገኛትን ጤና መልሶ ሰጠን።