በግራ የቀረበ ጽዋ

የልጅ ልጆቼ፣ ወንድሜን ማኅበርተኞቹ ምነው ሳይቀብሩት ቀሩ እያላችሁ ስትወተውቱኝ ከረማችሁ። ሰምታችሁ ብትናደዱ በእኔ አታላክኩ።

ያን ጊዜ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔ ከአይከል ጎንደር እየተመላለስሁ ጥጥ እሸጣለሁ፤ ወንድሜ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል። አንገቱና ብብቱ ሥር ንፍፊት አውጥቶ ከሳ። ሐኪሙ የደም በሽታ ነው፣ ገላው ሌላ ሕመም የሚመክትበት አቅም የለውም አለን።

ከዚያ ወዲያ ያ ሸጋ ሰው በግራው ያለፈውን ሁሉ ሰላም ማለት ተወ። ኮት ሲሰፋም የግራውን እጅጌ ሳይገጥም ያስረክባል። ከተማው «ኮራብን» አለ። ሰላምታ ከቀረባቸው አገር የፈረሰ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው።

በማኅበሩ ቀን አለቃው፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው በር የሚገባው፣ ጽዋውን በግራው በኩል ዘረጉለት። ወንድሜ ፊት ለፊቱን እያየ ሳይቀበል ቀረ። ጽዋ ናቀ ተብሎ ተባረረ። ሕመሙን ረስቶ፣ በተሳሰረ ምላሱ፣ ማኅበርተኛ ሳይቀብረኝ እንዳልቀር እያለ ይጨነቅ ጀመር።

አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክሜ ለዕርቅ ወሰድሁት። አለቃው በግራ ተቀምጠዋል፤ እሱ በቀኝ የቆመውን የጠላ ቀጂ እግር ሳመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አያ፣ ታሞ ነው፤ በግራ በኩል አያይም» አልሁ።

«ግማሽ ዕውር የት አገር አይተሽ ነው? ከታወረ ሙሉውን ይታወር» አሉ አለቃው።

እኒያ ሁሉ አዋቂ ነን ባዮችም ትልቅ ነገር እንደተነገረ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድንጋዩን ከአንገቱ ያወረድሁለት እኔው ነኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ እጁም እግሩም ከድቶት ሞተ። ቃሬዛውን የተሸከሙልኝ እስላም ጎረቤቶቹ፣ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ናቸው። ከማኅበሩ አንድ ሰው ብቅ አላለም። ለተዝካሩ ግን ከቀሳውስቱ ቀድመው ተደርድረው አገኘኋቸው፤ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ጠላው ቀጠነ ብለው አሙኝ።

በስተርጅናዬ ለአንድ ሐኪም የወንድሜን ነገር ባጫውተው፣ ሳይሆን አይቀርም ያለኝ ይህን ነው፦ አንጎሉን የበላው ቫይረስ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ገላ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚነሣው የገላ መከላከያ ሲደክም ብቻ ነው። እንግዲህ ከእኒያ ከማኅበርተኞቹ የሚበዙት፣ ምናልባት አለቃውም ጭምር፣ ያንኑ ተሸክመው ነበር የፈረዱበት።