በሁለት ሱቆች መካከል ያለች ስንዝር

በጋምቤላ ገበያ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ በሁለት ግድግዳዎች መካከል ክፍተት ከታየ ባለቤቶቹ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ይህን ልማድ ሳላውቅ፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከወዳጁ ፎቅ ጎን ለሚሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሃያ ሴንቲ ሜትር ክፍተት አዘዝሁ። ያለዚያ ንድፉን አልፈርምም አልሁ።

«ኢንጂነር፣ መሬት የሚንቀጠቀጠው ወዲያ አፋር አይደለም እንዴ?»

«እዚህ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።»

«እሺ፤ ስሌትህ ራሱ ሕንፃው ሁለት ጣት ብቻ ይወዛወዛል ይል የለ?»

ከሱቁ መደርደሪያ የሽቦ ልብስ መስቀያ አነሣሁ። ጥቂት ሳብ አድርጌ ስለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሁለት ጣት ያልሁህ እንዲህ የሚመለስ ቢሆን ነው።» ቀጥዬ በኃይል ሳብሁት፤ ተጣምሞ ቀረ። «ብርቱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ብረቱ እንዲህ እጁን ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሕንፃው የሚሄደው ርቀት የሁለት ጣት ብዙ እጥፍ ነው። የጎረቤትህም ሕንፃ ወዳንተ ይመጣል። ድምሩ ያቺ ያዘዝኋት ስንዝር ናት።»

«መስቀያዬን አበላሸኸው» አለና ተስማማ።

የእኔ ጭንቀት ግን ስለ ወደፊቱ ነበር። በሙያ ዘመኔ ያዘዝኋቸው ክፍተቶች ሁሉ ውለው አድረው በጣውላና በፍርስራሽ ተወትፈዋል፤ የተወተፈ ክፍተት ደግሞ እንዳልተተወ ነው።

ግድግዳው ከፍ ብሎ ክፍተቱ ሲታይ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ።

«እነዚህን ወንድማማቾች ማን ለያያቸው?»

«እኔ ነኝ» አልሁና ሁሉንም አስረዳሁ።

አንጋፋው ሽማግሌ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ገባን፤ ሕንፃዎቹ እንዳይማቱ ነው። መልካም። ነገር ግን ሽማግሌ ከተነሣ ሳያስታርቅ አይመለስም።»

ሁለቱ ያልተጣሉ ሰዎች እንዲተቃቀፉ ተደረገ።

«አውፍ በለኝ» አለ ጨርቅ ነጋዴው እየሳቀ።

«አውፍ ብያለሁ።» ጎረቤቱ ጥቂት አሰበ። «በልጅህ ሠርግ ከድምፅ ማጉያው ሥር ያስቀመጥኸኝንም ጭምር።»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥሁህ? ዘግይተህ መጥተህ!»

«ዘግይቼ? ጥሪው የደረሰኝ እኮ ሩዙ ካለቀ በኋላ ነው!»

ተነሥተው የነበሩት ሽማግሌዎች ተመልሰው ተቀመጡ። ጎረቤቱ ወደ እኔ ዞሮ «ኢንጂነር፣ ክፍተቱን አንድ ሜትር አድርገው!» አለ።

«ሃያ ሴንቲ ሜትር ነው። ስሌቱ ኩርፊያን አይጨምርም።»

ሕንፃው ካለቀ ወዲህ አንዱ ካርቶን እንኳ ቢያስጠጋ ሌላው «ከድንበሬ አንሣ!» ብሎ ይጮኻል። እንዲህ ንጹሕ ክፍተት በዕድሜዬ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ አሁንም ይመላለሳሉ። ሁለቱ ቢታረቁ ደስታዬ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ ብቻ አስቀድሜ የክፍተቱን አፍ ምንም እንዳይወተፍበት በስስ ቆርቆሮ እስክከድነው ድረስ እንዲታገሡኝ ለምኛለሁ።