መሪው አሁንም ይጫወታል

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ቃሊቲ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ወሰድኩ። መካኒኩ ከሥር ገብቶ በጀርባው ተኛና «ጋሼ፣ እስቲ ጋቢና ገብተው መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዙልኝ» አለኝ። ገባሁ፣ መሪውን ያዝኩ፤ ማወዛወዝ ግን አቃተኝ። «ጋሼ፣ ይጀምሩ እንጂ!» ይላል ከሥር። ሌላ ሰው ተክቼ ወጣሁና በሩ ላይ ካለችው ሱቅ ውሃ ገዝቼ ቆሜ ጠጣሁ። ባለሱቋ «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ነገሩ የጁባ ነው፤ ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት?

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ጁባ የገባሁት ሰላም ወረደ ተብሎ ሐበሻው ሁሉ ወደዚያ በጎረፈበት ጊዜ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወደ ጀበል ኩጁር ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ እትዬ አስካለ የምትባል የጎንደር ሴት በቆርቆሮ የተሠራ አሥራ ሁለት ክፍል ሆቴል ነበራት፤ እኔ ሹፌሯም ገበያተኛዋም ነበርኩ። ሽንኩርት፣ ቢራ፣ ከነጭ ዓባይ ወደብ ዓሣ አመላልሳለሁ። መኪናዋ ከኡጋንዳ የመጣች አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። መሪዋ በቀኝ፣ የጁባ መንገድም በቀኝ! ፊት ለፊቴ ያለውን ለመቅደም አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «እስቲ እየው፣ ይመጣል?» ብዬ መለመን ነበረብኝ። ይባስ ብሎ መሪው ላልቷል፤ በሹፌር ቋንቋ «ይጫወታል»። ሩብ ዙር እስካዞረው ድረስ ጎማው ወሬም አይሰማ። በዚያ ቀይ አቧራና ጉድጓድ ስድስት ወር «ነገ አሠራዋለሁ» እያልኩ ነዳኋት።

ከሆቴላችን ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ ዴንግ የሚባል መካኒክ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እናቱ አዝላው ኢትዮጵያ ገባች፤ አዲስ አበባ አደገ፣ ሙያውንም እዚያው ተማረ። አማርኛው ከእኔ ከወሎዬው ይበልጥ ያራዳ ነው። «አንተ ገጠሬ፣ መኪና እንደ በቅሎ አይነዳም!» ይለኛል። ጾም ሲገባ ከእኛ ጋር ይጾማል፣ ለቅሶ ሲኖር ከእኛ ጋር ይቀመጣል። የእኛ ሰው አደረግነው። እናቱ ግን ወደ አገሯ ወደ ቦር ተመልሳ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ስኳርና ሳሙና በጀልባ ይልክላታል።

አንድ የየካቲት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የእትዬ አስካለ ስልክ ጮኸ። የዴንግ አጎት ነው፣ ከቦር። የዴንግ ስልክ ተሰርቆ ስለነበር የሆቴሉን ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። እትዬ በዚያች በተሰባበረች የጁባ ዓረብኛዋ «አይዋ፣ አይዋ» ስትል ቆየችና ስልኩን ዘግታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የዴንግ እናት አሟታል፤ ዛሬውኑ ይምጣ ነው የሚሉት።»

«በሉ እንንገረዋ! የቦር ጀልባ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው» አልኳት።

«አንተ ደግሞ! አሟታል ብሎ ከቦር ድረስ ማን ይደውላል? ሞታለች እንጂ።»

እኔም አመንኳት። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል» ይባላል፤ ሰውየው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ። መርዶ ደግሞ ማለዳ ነው የሚነገር፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው አጠገቡ ቆሞ፣ ቀድሞም እህል ቀምሶ። ይህን ሁሉ ማን አስተማረን? ማንም። እንዲሁ እናውቀዋለን።

«ነገ ጎህ ሲቀድ ማንጋቴን ሰፈር ቤቱ ድረስ ሄደን እንነግረዋለን» አለች እትዬ። «እስከዚያ ወደ ወደብ እንዳይወርድ፤ የቦር ሰው አግኝቶት ያረዳዋል። ሥራ ስጠው። ያቺን መኪና ስጠው፣ ሙሉጌታ!»

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ቁልፉን አንስቼ መኪናዋን ኒሙ ሥር አቆምኳት።

ዴንግ ሲያየኝ ሳቀ። «ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች! ምን አስታወሰህ?» አለና ካርቶን ዘርግቶ ከሥር ገባ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እኔ ጋቢና ሆኜ መሪውን በላላበት ልክ ብቻ ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ አወዛውዛለሁ፤ እሱ ከታች እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፉ ይዞ ይሰማል። ወዲህኛው ጫፍ ሲነቃነቅ ወዲያኛው ዝም ካለ፣ በሽታው እዚያ ነው።

«ግራ... ቀኝ... ቀስ በል፣ ሊጥ የምታቦካ መሰለህ እንዴ?... ይኸው! ና ተመልከት።»

ወርጄ አየሁ። መሪውን ከሻንሲው ጋር የሚያስረው ሳጥን ብሎኖቹ ላልተው፣ ሳጥኑ ራሱ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ደግሞ ልልነቱን ለመደበቅ ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ጥርቅም አድርጎ አጥብቆታል። በግራ በኩል የመሪውን ዘንግ ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲና ደግሞ ተበልቶ አልቋል፤ በእጅ ሲይዙት እንደ ልጅ ጥርስ ይወላወላል።

«በዚህ ስድስት ወር ነዳህ? እናትህ ጸልያልህ ነው» አለኝ።

እናትህ ሲል ዓይኔን ወደ ጀበሉ አዞርኩ።

የሳጥኑን ብሎኖች አጠበቀ። ቴስቲናውን ቀየረ። የማስተካከያውን ብሎን ፈታና በልኩ መለሰው፤ «ሲበዛ ከጠበቀ መሪው ራሱ አይመለስም» እያለ። ክሪክ አግብቶ ጎማውን አነሳና ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ነቀነቀው። አውርዶ እንደገና ከሥር ገባ። ማወዛወዝ ጀመርኩ። መሪው ገና ስነካው ጎማው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከፋብሪካ የወጣች ዕለት እንኳ እንዲህ የነበረች አይመስለኝም።

«ካላስ፣ አለቀ!» ብሎ ወጣ። እጁን በጋዝ እየታጠበ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«አምስት ከሩብ።»

«ጎሽ! ጀልባው ሳይነሳ ወደብ ጣል አድርገኝ። ለማዘር ስኳር ገዝቼላታለሁ።»

የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዴንግ፣ መሪው አሁንም ይጫወታል» አልኩት።

«ኧረ ተው!»

«እውነቴን ነው። ትንሽ አለው።»

ጭንቅላቱን እያከከ አየኝ። «ከታች ስይዘው ምንም የለውም እኮ። ግን መሪው ያለው አንተ እጅ ላይ ነው፤ ተሰማኝ ካልክ አለ ማለት ነው። እሺ፣ ስኳሩ ለሚቀጥለው ይሁን። በዚህ መኪና ብትሞትብኝ ለእናትህ ምን እላለሁ?»

ተመልሶ ገባ። የሠራውን ሁሉ እንደገና ፈታ። አዲሱን ቴስቲና አውጥቶ በጣቱ አሽከረከረው፣ በፀሐይ አየው፣ መለሰው። በዚህ መሃል ከሆቴሉ በትልቅ ሳህን ጥብስ መጣ፣ ከነአዋዜው። «ምነው፣ ዛሬ ሰርግ አለ እንዴ? እትዬ አስካለን ምን ነካት?» እያለ በላ፤ እኔንም አጎረሰኝ። ዋጥኩት። ስድስት ሰዓት አለፈ። ጀልባው ሄደ። ያ ጀልባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ቦር ይደርሳል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስምንት ሆነን ማንጋቴን ሄድን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዴንግ የጥርስ መፋቂያውን እንደያዘ ከጎጆው ወጣና አየን። እኛ ጋ አድጓልና ማንም መናገር አላስፈለገውም። መፋቂያው ከእጁ ወደቀ።

«ማዘር?» አለ።

እትዬ አቀፈችው። ሴቶቹ ጮኹ። እሱ አልጮኸም፤ ቆየና የእኔን ስልክ ተቀብሎ አጎቱ ዘንድ ደወለ። በቋንቋቸው ነው ያወሩት። ድምፁ ሲቀየር ግን ሁላችንም ሰማን። ስልኩን ከጆሮው አውርዶ፣ ሳይዘጋው፣ በአማርኛ እንዲህ አለን፦

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው የሞተችው። ትናንት ጠዋት ደውለንልህ ነበር ይለኛል። ሙሉ ቀን በር በሩን ስታይ ዋለች፣ አመሻሹ ላይ ‹ጀልባው ገባ?› እያለች ትጠይቅ ነበር ይለኛል።»

ለቅሶው ቆመ። እንዴት እንደቆመ እስከዛሬ አስታውሳለሁ፤ አንዷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እነሱ አሟታል ያሉት አሟት ስለነበር ነው። የእነሱ ሰው የሆነውን ነው የሚናገረው። እኛ ነን ሳትሞት የቀበርናት።

ዴንግ ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለ።

«ሙሌ፣ ትናንት ሁለተኛ ስፈታው፣ መሪው ይጫወት ነበር?»

«አይ» አልኩት። «አይጫወትም ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ የመኪና በሽታ ያገኘ ጊዜ እንደሚያደርገው። ሻንጣውን አንጠልጥሎ በቦር መኪና ሄደ። ለቀብር ደረሰ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ዛፍ ሥር መሥራት ጀመረ። ተጣላን ልላችሁ አልችልም። ሳልፍ በዓረብኛ «ሙሌ፣ ኬፍ?» ይለኛል፤ «ታማም» እላለሁ፤ አለቀ። መኪናችንን ግን ዳግመኛ አልነካም፤ መንካትም አላስፈለገውም፣ ያ መሪ ጁባን እስክለቅ ድረስ አልላላም። እትዬ አስካለ ላገኘችው ሁሉ «እኛ እኮ ለእሱ ብለን ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ለእሱ ብለን ነው። እኔ ያኔም አላለቀስኩም። ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ መንገዱን ተሻግሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጎማ ዋጋ አውርቼ ተመለስኩ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ በሕይወት ይኑር አይኑርም አላውቅም።

አምና እናቴ ታመመች። ወንድሜ ከደሴ ደውሎ «ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል» አለኝ። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ፣ ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁሉ፣ እንደሞተች ነበር የቆጠርኩት። ግቢው ውስጥ ስገባ ግን ድንኳን የለም። አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ «ምነው ፊትህ? ማን ሞቶ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ቀን ቆየች። አጥሚት በማንኪያ አጠጣኋት፣ እግሯን አሸሁላት፣ ሕፃን ሳለሁ ስለሰበርኩት ማሰሮ ነግራኝ ሳቀችብኝ። በሁለተኛው ምሽት እጄን እንደያዘች ሄደች። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «ዕድለኛ ነህ፣ ደረስክላት» ይለኝ ነበር። አዎ፣ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ አገኘሁ። ዴንግ የሚያስፈልገው አንድ ምሽት ብቻ ነበር።