አክተር አይሞትም

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ የሚወዱትን አንድ የድሮ የማፊያ ፊልም ሲያዩ ቤት ውስጥም ባርኔጣቸውን አያወልቁም ነበር። ፖሊሶቹ አክተሩን ከበው ሊተኩሱበት ሲሉ ግን ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑን ያጠፉታል። «ጋሼ፣ መጨረሻውን እንየው እንጂ!» ስላቸው፣ «አክተር አይሞትም፤ በቃ!» ይሉኛል።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ አንድ ቀን የቡራዩ መንገድ ተዘግቶ እቤት ዋልን። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ከውጭ እውነተኛ ተኩስ ተሰማ። ያን ቀን ጋሼ ወዲያው አጠፉት። መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «የማን ልጅ ይሆን?» አሉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ያንኑ ፊልም ብቻዬን ከፈትኩት። ፖሊሶቹ አክተሩን ሲከቡት ወደ ወንበራቸው ዞር አልኩ። ብድግ የሚል ሰው የለም። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ አክተሩ ሞተ።