የእናቴ ሳህን በፈረንሳይ

ትናንት ጠዋት ኮሎምበስ አጠገብ ካናል ዊንቸስተር በልጄ ቤት ሳምቡሳ ስጠብስ፣ ጎረቤቶቻችን ሞተርሆማቸውን፣ ያን የጉዞ ቤት የሆነ መኪና፣ አስነሱና የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ ከዘይቱ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። የልጅ ልጄ ሂክማ እየሮጠች መጥታ፣ "አያቴ፣ ሳህንሽን ኪፕ ሊያደርጉት፣ ይዘውት ሊሄዱ ነው! ሮጬ ላምጣው?" አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ሳምቡሳ የላኩላቸውን፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሳህን ማለቷ ነው። ተይው አልኳት። እየሳቅኩ ስለነበር ግራ ገባት።

ያ ሽታ ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ትኖር ከነበረችው ታላቅ እህቴ ከዘይነባ ጋር የዞርንበት በጋ ሽታ ነው። ባሏ ጋሼ ሰይድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበርና፣ አልጋም ምድጃም ያለውን ያን ቤት የሚያህል መኪና ተከራይቶ የድሮ ከተሞችን ላሳይሽ ብሎ ከአሜሪካ፣ ከኮሎምበስ አስጠራኝ። እኔ ግን የሄድኩት ለከተሞቹ ብቻ አልነበረም። ደሴ ከነበረው የእናታችን ቤት የቀረልን ዕቃ አንድ አበባ የተሳለበት የብረት ሳህን ብቻ ነው፤ ተራ በተራ ልናስቀምጠው ተስማምተን ስለነበር በዚያ ዓመት ተራው የእኔ ነበር።

ልጆች ሳለን እናታችን በዚያ ሳህን ሳምቡሳ ደርድራ ለጎረቤት ስትልከን፣ ዘይነባ ከአጥሩ ጀርባ ቆማ አንዱን ትበላና የቀሩትን ጉድለቱ እንዳይታይ አድርጋ መልሳ ትደረድራቸው ነበር። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም፤ ሎሚ ወይም ቆሎ፣ ሌላው ቢጠፋ እፍኝ ጨው ይደረግበታል። ቆሎው ከሆነ ቤት የሚደርሰው እኩሌታው ነው።

ካኦር በምትባል ከተማ፣ ግንብ ከተሠራበት ጥንታዊ ድልድይ አጠገብ፣ ሞተርሆሞች በሚያድሩበት ሜዳ ላይ ቆምን። ዘይነባ ከሰው ጎን አድሮ ሳይቀማመሱ መለያየት ነውር ነው ብላ ሳምቡሳ ጠበሰችና፣ አጠገባችን ለነበሩት ፀጉሯ ለነጣ ፈረንሳዊትና ለባሏ በእናታችን ሳህን ወሰደችላቸው። ጠዋት ስንነሳ ቦታው ባዶ ነው። ሰዎቹ ሳህኑም ስጦታ መስሏቸው ይዘውት ሄደዋል።

"ተራዬ ሲደርስ ነው የሚጠፋው?" አልኳት።

"ሆን ብላ ነው በያ!" ብላ አኮረፈች።

ሴትዮዋ በዋዜማው ማታ ለዘይነባ በካርታ ያሳየቻትን መንገድ ይዘን ተከተልናቸው። አልቢ ላይ ሌላው ሰው አንገቱን አቅንቶ በቀይ ሸክላ የተሠራውን ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ፣ እኛ የቆሙ መኪኖችን መስኮት እናያለን። ጋሼ ሰይድ "ቱሪስት ነን ወይስ ፖሊስ?" ይለናል። ራሱ ግን በአንድ ጠባብ የድሮ መንገድ ገብቶ መኪናው ሲቀረቀር፣ ካፌ የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው በእጃቸው እየመሩ ወደ ኋላ አስወጡት፤ ሲወጣም አጨበጨቡለት። ዘይነባ ኩርፊያዋን የረሳችው እዚያ ነው።

ካርካሶን፣ ከድሮው ግንብ ሥር አገኘናቸው። ዘይነባ መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው የመጣችውን የፈረንሳይኛ ንግግር ይዛ መኪናቸው ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። ሳህኑ ከጠረጴዛቸው በላይ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ገና ስታየን እጃችንን ይዛ ወደ እሱ ወሰደችንና፣ በዞሩበት አገር ሁሉ የማያውቁት ሰው እንዲህ ያለ ስጦታ ሰጥቷቸው እንደማያውቅ ነገረችን። ዘይነባ ዞር ብላ አየችኝ። ተራው የእኔ ነውና መልሱም የእኔ ነበር።

"ይቅርላቸው" አልኳት በአማርኛ።

ሴትዮዋም ባዶ እጃችንን አልሰደደችንም፤ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው የራሷ ሳህን ኮክ ሞልታ ሰጠችን። ዘይነባ መኪናችን ጋ ሳንደርስ አንዱን በልታ የቀሩትን መልሳ ደረደረቻቸው።

ያን ሳህን ይዤ ኮሎምበስ መጣሁ። ዘይነባ ግን ተራዋ ሳይደርስ አረፈች።

ትናንት ከጎረቤቶቻችን ጋር የሄደው ሳህን እሱ ነው። ሞተርሆሙ ከመንገዱ ጫፍ ሲታጠፍ ሂክማ እጇን አውለበለበችላቸው። እኔ ሳላስበው ስልኬን አንስቼ ነበር፤ "አንቺም አስወሰድሽው?" ብላ የምትስቅብኝ ዘይነባ ብቻ ነበረች። ሳምቡሳው እንዳያርብኝ ስልኩን አስቀምጬ ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።