የአክስቴ የጥልፍ መቀስ፦ ከቤቴል ኮልፌ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡30፣ ቤቴል

ማልጄ ወጣሁ። ንዴት እንቅልፍ ይነሳል። እሁድ ለት አጎቴ ጋሽ መኮንን ዘመድ በተሰበሰበበት የእህታቸውን፣ የአክስቴን፣ የጥልፍ መቀስ አንስተው፣ «የፈረንሳይ መነኩሲት ሰጠችኝ ስትይ ኖርሽ፤ ይሄ እኮ የቻይና ነው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። ጥልፍ እየጠለፈች እኔን ያሳደገች ሴት በሰው ፊት ውሸታም ተባለች! አክስቴ ዘነበች ዓይኗ ደክሟል። «አገሩ ተጽፎበታል» አለች። መቀሱን ግን ዝገት ስላለበሰው ማንም ማንበብ አልቻለም። ሰኞ ኮልፌ ቢላና መቀስ ለሚስሉት ጋሽ ሸምሱ ሰጠሁት፤ ዛሬ መቀበያዬ ነው።

1፡15፣ 18 ማዞሪያ

ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኛለሁ። ረዳቱ አሁንም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ወዴት? በመስኮት ልውጣ?

ስልኬ ላይ እንዳነበብኩት እንደ አክስቴ መቀስ በሽመላ ወፍ ቅርጽ የተሠራውን አስመስሎ የሚሠራው ብዙ ነው። የጥንቱን የሚለየው ብሎኑ አጠገብ የተመታው የአገር ወይም የሠሪው ስም ነው፤ ብሎኑም በእጅ የተሞረደ ይሆናል።

2፡00፣ ኮልፌ

መቀሱ እንደ መስታወት ያበራል። ገልብጬ አየሁት። ለስልሷል፤ አንድም ፊደል የለም።

ደሜ ፈላ። ምን ነክቶዎት ነው የፋቁት ብዬ ጮህኩባቸው። ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲያበራ ያድርጉልኝ አላልሽም? ከእጄ ሳያበራ የሚወጣ ስለት የለም።»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ስለ ፊደሉ አልነገርኳቸውም።

ጋሽ ሸምሱ ብሎኑን ፈቱት። መሳያው ባልደረሰበት በውስጥ በኩል፣ በሁለቱም ስለት ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ጭረት አለ፤ ጥንዱ እንዳይጠፋፋ የተደረገ ነው አሉኝ። ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅም ከመሀል ፈንጠር ብሏል።

«በእጅ ነው የተሞረደው። ማሽን እንዲህ አያጣምም። አሮጌነቱን እምላለሁ፤ ፈረንሳይነቱን ግን አላውቅም።»

በመንገድ ለጋሽ መኮንን ደወልኩላቸው። አሮጌስ ይሁን፣ ፈረንሳይ መሆኑን ማን አየ አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁባቸው።

4፡00፣ ቤቴል

አክስቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። መቀሱን መዳፏ ላይ አኖርኩላት። ጣቶቿ ቀለበቶቹ ውስጥ ገቡ። አውራ ጣቷ ብሎኑ አጠገብ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ዓይኗ ያቃተውን ፊደል በጣቷ ስታነበው እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለቶቹን ገጠመችና መለሰችልኝ።

«ጥሩ መቀስ ነው ልጄ። በይ አሁን የኔን ስጪኝ።»